«ብሎን መፍቻ» ያልኩት ዕቃ፦ ስለ ጠመንጃ ትናንሽ አካላት ዜና ስንጽፍ

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ኮርስ ላይ መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አደሉንና «ወደ አማርኛ ዜና ቀይራችሁ አምጡ» አሉን። ለእኔ የደረሰኝ አሜሪካ ውስጥ ለከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ስለሚሸጡ ተገጣሚ ዕቃዎች የሚያወራ ነበር። እኔ ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ቢሆንም መዝገበ ቃላት አለ፣ ምን ችግር አለው አልኩና ማታውኑ ጽፌ ጨረስኩ። ከጻፍኳቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ኩባንያው ለአውቶማቲክ ጠመንጃ የሚያገለግል የተራዘመ ብሎን መፍቻ ለገበያ አቀረበ።»

ክፍል ውስጥ ሳነበው ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ስንት ቁጥር ነው? አስራ ሦስት ነው አስራ አራት?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህራችን ግን አልሳቁም። «ዕቃው ምን ይሠራል?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «አውቶማቲክ ያልሽውስ በእርግጥ አውቶማቲክ ነው?» አሁንም ዝም። «እንግዲያው ይህን ዜና የጻፈው ማን ነው? አንቺ ወይስ መዝገበ ቃላቱ?» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ።

ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ዕለት እፍረት ነው። ዓላማው ስለ ጠመንጃ ለማስተማር አይደለም፤ ለዚያ ሌሎች ባለሙያዎች አሉ። ዓላማው አንዲትን ትንሽ ብረት ይዘን ጋዜጠኛ የማያውቀውን ዕቃ በዜና ሲጽፍ የት የት ላይ ሊሳሳት እንደሚችል ማየት ነው።

ለመሆኑ ቦልት ምንድነው?

መጀመሪያ የሄድኩት አጎቴ ዘንድ ነው። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። የሆነውን ስነግራቸው ከሳቁ በኋላ የእኔኑ እስክሪብቶ ተቀብለው ጫን ለቀቅ እያደረጉ ማስረዳት ጀመሩ።

«ጠመንጃ ሲያቀባብሉ ሰምተሽ አታውቂም? በፊልም እንኳ?»

«በፊልም አውቃለሁ ጋሼ።»

«ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው እሱ ነው። ወደኋላ ትስቢዋለሽ፣ ስትለቂው ሞላው ወደፊት ይወረውረዋል።»

ነገሩ ሲብራራ እንዲህ ነው። ከጥይቱ ቤት ጀርባ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለስ ብረት አለ። እንግሊዝኛው ይህንን ነው ቦልት የሚለው። ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ከምናውቀው ብሎን ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው እኔ የተሳሳትኩት። ቦልቱ ወደፊት ሲሄድ ከካዝናው አናት አንድ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል፣ የጥይቱንም ቤት ከኋላ ይዘጋል። ቃታ ሲሳብ መቺው ጥይቱን ይመታና ተኩሱ ይወጣል። እንደ ክላሽና እንደ ኤአር-15 ባሉ ጠመንጃዎች ላይ ከተኩሱ የሚገኘው ጋዝ ቦልቱን መልሶ ወደኋላ ይገፋዋል፤ ባዶው ቀለህ ይወረወራል፤ ሞላው ቦልቱን እንደገና ወደፊት ይልካል፤ ሌላ ጥይት ይጎርሳል።

እስከዚህ ድረስ ከፊል አውቶማቲኩም አውቶማቲኩም አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ቃታው ላይ ነው። ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል፤ ለሁለተኛው ጣትን ለቆ እንደገና መሳብ ያስፈልጋል። አውቶማቲኩ ግን ቃታው ተስቦ እስከተያዘ ድረስ በሩምታ ይተኩሳል። በመሆኑም «አውቶማቲክ» እና «ከፊል አውቶማቲክ» የሚሉት ቃላት በአንድ ቅጽል ብቻ ይለያዩ እንጂ በዜና ውስጥ አንዱን በሌላው መተካት ሐሰት መጻፍ ነው።

ካዝናው ባዶ ሲሆን ምን ይፈጠራል?

አጎቴ ያሉኝ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም። «ክላሽ ጥይት ሲያልቅበት አይነግርሽም» አሉኝ። ምን ለማለት ነው? በተለመደው የክላሽንኮቭ ጠመንጃ የመጨረሻው ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ቦልቱ ባዶውን ቤት ዘግቶ ይቀመጣል። ተኳሹ ማለቁን የሚያውቀው ቃታውን ስቦ «ቀጭ» የሚል ባዶ ድምፅ ሲሰማ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ወታደሮች ካዝናው ሥር ሁለት ሦስት አብሪ ጥይት ቀድመው ያስገቡ እንደነበር አጫወቱኝ፤ አብሪው ሲወጣ ጥይቱ ሊያልቅ እንደሆነ ይገባቸዋል። አዲስ ካዝና ከገባ በኋላ ደግሞ በቀኝ በኩል ያለውን መሳቢያ ስቦ ማቀባበል ግድ ነው።

ኤአር-15 ከዚህ ይለያል። ይህን ጠመንጃ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነደፈው የአርማላይት ኩባንያ መሐንዲስ ዩጂን ስቶነር ነው። በነገራችን ላይ «ኤአር» የሚሉት ፊደላት የመጡት ከዚሁ ኩባንያ ስም ነው እንጂ ብዙ ሰው እንደሚያስበው «የጥቃት ጠመንጃ» ማለት አይደለም። ኮልት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 ንድፉን ገዛ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ከፊል አውቶማቲኩን ለሲቪል ገበያ ማቅረብ ጀመረ። በዚህ ጠመንጃ ላይ ካዝናው ባዶ ሲሆን በውስጡ ያለው ጥይት ገፊ በጠመንጃው ግራ ጎን የምትገኝ አንዲት ትንሽ ብረት ወደ ላይ ያነሳል፤ ብረቷም ቦልቱን ወደኋላ እንደሄደ ታቆመዋለች። ተኳሹ አዲስ ካዝና ካስገባ በኋላ የዚህችን ብረት ጠፍጣፋ አናት በግራ አውራ ጣቱ ጫን ሲያደርግ ቦልቱ ወደፊት ይለቀቃል፣ ጥይትም ይጎርሳል። እንግዲህ እኔ «ብሎን መፍቻ» ያልኳት ይህችን ነው። በአማርኛ «ቦልት መልቀቂያ» ብንላት ሥራዋን በትክክል ይገልጻል።

በቦልት መቆምና መለቀቅ ላይ የእኛም ሰዎች ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካኖች ጎን ሲዋጋ የያዘው ኤም-1 ጋራንድ የተባለውን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ነበር። ጋራንድ ስምንት ጥይት ከነመያዣው ከላይ ወደታች ተጭኖ ይገባለታል፤ መያዣው ቦታውን ሲይዝ ቦልቱ ራሱ ይለቀቃል። ለብቻው የሚጫኑት ቦልት መልቀቂያ የለውም። ታዲያ አውራ ጣቱን ፈጥኖ ያላነሳ ወታደር ጣቱ ይቀረጠፍ ነበር። አሜሪካኖቹ ለዚህ ጉዳት «የጋራንድ አውራ ጣት» የሚል ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ከዚህ የምንረዳው ቦልት እንዴት ይለቀቅ የሚለው ጥያቄ የዛሬ ገበያ የፈጠረው ሳይሆን የቆየ የዲዛይን ጥያቄ መሆኑን ነው።

ረዘም ያለው መልቀቂያ

በኤአር-15 ላይ ያለችው መልቀቂያ በግራ ጎን ብቻ ስለሆነች ሁለት ችግር አለባት። አንደኛ፣ በቀኝ እጁ ለሚተኩስ ሰው የግራ እጁን ትፈልጋለች። ሁለተኛ፣ ቦልቱን ሆን ብሎ ወደኋላ ለማቆም ሲፈለግ በአንድ እጅ መሳቢያውን እየሳቡ በሌላው ጣት የመልቀቂያዋን የታችኛውን ክፍል መጫን ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ዝም ብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም። በዒላማ መለማመጃ ቦታ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ለማሳየትም ሆነ የተቀረቀረ ጥይት ለማውጣት ቦልቱን ከፍቶ ማቆም የተለመደ የጥንቃቄ እርምጃ ነው።

የተራዘመው መልቀቂያ ይህንን ለማቅለል የመጣ ነው። አንዳንዱ የመልቀቂያዋን ጠፍጣፋ አናት ብቻ ሰፋ ያደርገዋል፤ ጓንት ላደረገ ሰው ይመቻል። ሌላው ደግሞ በነባሯ መልቀቂያ ላይ የሚታሰር ዘንግ ሲሆን ቃታውን በከበበው ብረት በኩል አልፎ ወደ ቀኝ ጎን ይወጣል። በዚህ ጊዜ ቀኝ እጅ ከመያዣው ሳይነሳ አመልካች ጣት ብቻውን ቦልቱን ሊለቅም ሊያቆምም ይችላል። ማግፑል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጠው ዘንግ በዚህ ረገድ በጣም ታዋቂ ነው።

የዚህ ዕቃ ስም ሌላ ወጥመድ አለበት። ሙሉ ስሙ ሲተረጎም «የባትሪ አጋዥ መሣሪያ» ይሆናል። መጀመሪያ ሳየው በባትሪ የሚሠራ ነገር መስሎኝ ነበር! ለካስ በጠመንጃ ቋንቋ ቦልቱ እስከ መጨረሻው ወደፊት ሄዶ ሲዘጋና ጠመንጃው ለመተኮስ ዝግጁ ሲሆን «ባትሪ ላይ ነው» ይባላል። ዕቃው ሞተርም ኤሌክትሪክም የለውም። አንዲት የብረት ዘንግና የምትታሰርበት ብሎን ናት። (ስለዚህ ብሎን መፍቻ የሚፈለገው ለመግጠሚያው ነው ማለት ነው፤ ያ ከኋላ የጠየቀኝ ልጅ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።)

ማን ይጠቀምበታል ካልን፣ በሰዓት የሚወዳደሩ ዒላማ ተኳሾች፣ ግራ እጃቸውን በደንብ ማዘዝ የማይችሉ ሰዎች፣ አንዳንድ የጸጥታ አባላት ይጠቀሙበታል። የማይወዱትም አሉ። ዋናው ስጋታቸው ዘንጉ ቃታው አጠገብ መሆኑ ነው፦ ጠመንጃው ተቀርቅሮ ሰው ሲጣደፍ ጣቱን ወደ ቃታው አካባቢ መውሰድ መልመዱ አደጋ አለው ይላሉ። በትንሿ መልቀቂያ ላይ ተጨማሪ ክብደት መጫኑም አሠራሯን ሊያውክ ይችላል የሚሉ አሉ። ለጋዜጠኛ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው፤ በአንድ ዕቃ ላይ ሻጩ ከሚለው ሌላ የተጠቃሚውም ድምፅ አለ።

ፍጥነት የሚቀይር እና እጅን የሚያግዝ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ቦልት መልቀቂያ ቢረዝምም ባይረዝምም ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ የሚወጣው ጥይት አንድ ነው። ከፊል አውቶማቲኩን አውቶማቲክ አያደርገውም። በካዝና ውስጥ ያለውንም የጥይት ብዛት አይጨምርም። የሚቀይረው ካዝና ከተለወጠ በኋላ ቦልቱን የሚለቀው የትኛው እጅና የትኛው ጣት እንደሆነ ነው።

ይህንን ከሌላ ተገጣሚ ዕቃ ጋር እናነጻጽረው። «በምፕ ስቶክ» የሚባል የሰደፍ ዓይነት አለ። ጠመንጃው ሲተኩስ ወደኋላ የሚገፋበትን ኃይል ተጠቅሞ ጠመንጃው በሰደፉ ላይ ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተት ያደርጋል፤ ተኳሹ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ ቃታው ራሱ እየመጣ ከጣቱ ጋር ይጋጫል። ድምፁም ፍጥነቱም ወደ ሩምታ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2017 በላስ ቬጋስ በሙዚቃ ዝግጅት ላይ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ አንድ ሰው ከሆቴል ፎቅ ላይ ሆኖ በዚህ ዕቃ ጭምር ተኩሶ በመጀመሪያ 58 ሰዎች ሞቱ፤ በኋላ በቁስላቸው ምክንያት ሁለት ሰዎች ሞተው ቁጥሩ 60 ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ዕቃውን ከመትረየስ ጋር የሚመድብ ደንብ አወጣ፤ ደንቡ በመጋቢት 2019 ሥራ ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2024 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ለ3 ድምፅ ደንቡን ሻረው። ክርክሩ በአብዛኛው ስለ አንድ ሐረግ ነበር። የ1934ቱ ሕግ መትረየስን የሚተረጉመው ቃታው «በአንድ ጊዜ ሥራው» ከአንድ ጥይት በላይ የሚያወጣ መሣሪያ ነው ብሎ ነው። አብላጫዎቹ ዳኞች በምፕ ስቶክ ላይም ቃታው ለእያንዳንዱ ጥይት እየተለቀቀና እየተሳበ ነው አሉ፤ በውሳኔያቸው ውስጥ የቃታውን የውስጥ አሠራር የሚያሳይ ሥዕል ጭምር አስገቡ። የተቃወሙት ዳኞች ደግሞ መታየት ያለበት ተኳሹ የሚያደርገው አንድ እንቅስቃሴ ነው አሉ። በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ሕግ ዕቃው እስካሁን እንደተከለከለ ነው።

እስቲ አስቡት። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ቁጭ ብለው የቃታን ሥዕል ሲያዩ፣ እኛ ዜናውን የምንጽፈው «ቦልት መልቀቂያ» ከ«በምፕ ስቶክ» ምን እንደሚለይ ሳናውቅ ከሆነ አንባቢያችን ከእኛ ምን ያገኛል? ካሊፎርኒያም ሌላ ምሳሌ ናት። በዚያ ሕግ ካዝናው ያለ መሣሪያ የማይነቀል ጠመንጃ በሌላ መደብ ይታይ ነበር። አምራቾች በጥይት ጫፍ ብቻ የምትጫን ትንሽ ቁልፍ ሠሩና ካዝናው «በመሣሪያ የሚነቀል» ሆነ። ክፍለ ግዛቷ ይህንን ቀዳዳ ለመድፈን እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ ሕግ ማውጣት አስፈለጋት። ያቺ ቁልፍ የካዝና መልቀቂያ ናት፤ የቦልት መልቀቂያ አይደለችም። ሁለቱን ያምታታ ዘጋቢ ሕጉንም ያምታታል።

ታዲያ ምንም አይደለም ማለት ነው?

እዚህ ላይ ስደርስ «እንግዲያው የተራዘመ መልቀቂያ ተራ ዕቃ ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም» ብዬ ልደመድም ነበር። ነገር ግን ይህም ሌላ ስህተት ነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2011 በአሪዞና ቱሳን ከተማ የምክር ቤት አባሏ ጋብሪኤል ጊፈርድስ ከመራጮቿ ጋር በምትነጋገርበት ቦታ አንድ ሰው ተኩስ ከፈተ። ስድስት ሰዎች ሞቱ፤ እሷም ጭንቅላቷን ተመትታ ቆሰለች። የያዘው ሽጉጥ እንጂ ጠመንጃ አልነበረም። ካዝናው አልቆበት ሌላ ሊቀይር ሲሞክር ግን በአካባቢው የነበሩ ሰዎች ተረባርበው ጣሉት፤ አንዲት ሴት ሊያስገባው የነበረውን ካዝና ከእጁ አስጣለችው። እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች የሰው ሕይወት አድነዋል።

ስለዚህ ካዝና ለመቀየር የሚወስደውን ጊዜ በትንሹም ቢሆን የሚያሳጥር ዕቃ ከጥያቄ ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ለተወዳዳሪው ሩብ ሰከንድ ነጥብ ነው፤ በሌላ ቦታ ላይ ለቆመ ሰው ሌላ ትርጉም አለው። ታዲያ ጋዜጠኛ ምን ይጻፍ? ዕቃው የሚሠራውን ያህል ይጻፍ። «ጠመንጃውን ወደ መትረየስ የሚቀይር» ቢል ውሸት ነው። «ጌጥ ነው» ቢልም ውሸት ነው። «ካዝና ከተለወጠ በኋላ ቦልቱን በቀኝ ጣት ለመልቀቅ የሚያስችል፣ የተኩሱን ዓይነት የማይቀይር ዘንግ» ቢል ግን አንባቢው የራሱን ፍርድ መስጠት ይችላል።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

«ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ተመርቀን ስንወጣ ብዙዎቻችን የምንጀምረው የውጭ ዜና በመተርጎም ነው። አሜሪካ ውስጥ የተኩስ አደጋ በደረሰ ቁጥር እነዚህ ቃላት ጠረጴዛችን ላይ ይመጣሉ። አሶሺየትድ ፕሬስ እንኳ ለዘጋቢዎቹ ባዘጋጀው የአጻጻፍ መመሪያ የመሣሪያ ስሞችን በጥንቃቄ ለይተው እንዲጠቀሙ ይመክራል።

ሁለተኛ፣ በአገራችንም የጦር መሣሪያ ዜና እንግዳ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ቃላቱ የሕግ ክብደት አላቸው። «ይህን ያህል ክላሽ ከነካዝናው ተያዘ» የሚል መግለጫ ስንቀበል ክላሹ ነጠላም ሩምታም የሚተኩስ መሆኑን፣ ካዝና ማለት ጥይት ማለት አለመሆኑን ማወቅ አለብን። ከዜናው በስተጀርባ የሚከሰስ ሰው አለ፣ የሚፈራ መንደር አለ።

በመጨረሻም አጎቴና መምህሬ ከነገሩኝ አውጣጥቼ ለራሴ ያዘጋጀኋቸውን አምስት ጥያቄዎች ላካፍላችሁ። ስለ አንድ የመሣሪያ አካል ከመጻፋችን በፊት፦

1. ዕቃው የሚገጠመው የት ነው? የትኛውንስ አካል ይነካል?
2. ቃታ አንድ ጊዜ ሲሳብ የሚወጣውን ጥይት ቁጥር ወይም የተኩሱን ፍጥነት ይቀይራል?
3. ካዝናው የሚይዘውን ጥይት ወይም ካዝና የመቀየሪያውን ጊዜ ይቀይራል?
4. በዚያ አገርና በዚያ ክፍለ ግዛት ሕግ ምን ተብሎ ይጠራል?
5. ይህን የነገረን ማን ነው? ሻጭ ነው፣ ተቃዋሚ ነው፣ ወይስ ዕቃውን የሚያውቅ ገለልተኛ ባለሙያ?

መደምደሚያ

ያንን ዜና እንደገና ጽፌ ለመምህሬ ሰጠኋቸው። አሁን እንዲህ ይላል፦ «ኩባንያው ለከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የሚገጠም ረዘም ያለ ቦልት መልቀቂያ ለገበያ አቅርቧል። ዕቃው ካዝና ከተቀየረ በኋላ ተኳሹ ቀኝ እጁን ከመያዣው ሳያነሳ ቦልቱን እንዲለቅ ያስችለዋል፤ ጠመንጃው ቃታ በተሳበ ቁጥር የሚተኩሰው እንደ ቀድሞው አንድ ጥይት ነው።» ከመጀመሪያው ይረዝማል። ግን እያንዳንዱን ቃል ማን እንደጻፈው ብጠየቅ አሁን መልስ አለኝ።

መምህሬ አንብበው ሲጨርሱ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አሁን ለአጎትሽ አንብቢላቸው።» አነበብኩላቸው። ጋሼ እስከ መጨረሻው አዳመጡና «አሁን ወታደርም ቢያነበው አይስቅብሽም» አሉኝ። ለእኔ ከማርኩ ይልቅ እሱ በለጠብኝ።